ከወፍጮው ሥር ያልኩት አሚን

ስልኩ የጮኸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ እዚህ ሜልቦርን፣ ማሪቢርኖንግ ገበያ ወርዳ ነበር። እኔ መሃል ከተማ ካለ የቢሮ ሕንፃ የሌሊት ጥበቃዬን ጨርሼ ስተኛ ውዬ፣ ዓይኔን እያሸሁ ነው ያነሳሁት። ደሴ ያለው ወንድሟ ነበር። ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ "እሷ አጠገብህ አለች?" አለኝ። የለችም አልኩት። ከዚህ ጥያቄ በኋላ ደግ ወሬ እንደማይመጣ የማያውቅ የኛ አገር ሰው የለም፤ እኔም ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት።

አባታቸው ሐሙስ ሌሊት አርፈው አርብ ከጁምዓ በኋላ ተቀብረዋል። ወንድሟ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሲደውል፣ የምታነሳው እሷ እየሆነች ሳይናገር ሲዘጋባት ቆይቷል። እሷም አርብ ማታ "ማነው ይሄ ባለጌ፣ ደውሎ ዝም ብሎ የሚተነፍስ?" ብላ ስትቆጣ ሰምቻት ነበር። ለካ ባለጌው የገዛ ወንድሟ ነው።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ማንም ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ነገር አይደለም፤ ሁላችንም እንዲሁ እናውቀዋለን። የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ራሱን የሚጥል ሰው ሲኖር የሚይዘው እጅ በተዘጋጀበት ነው። እስከዚያ ድረስ የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል። እኔ ደግሞ አፌን መያዝ የማልችል ሰው ነኝ። ለሷ ስጦታ ገዝቼ በር ሳልከፍት ምን እንደሆነ የምናገር ሰው፣ ይህን እንዴት እሸከመዋለሁ?

በነጠላ ጫማዬ ወደ ጋሼ ወረድኩ። ጋሼ በኬንሲንግተን የመንግሥት ፎቆች ውስጥ ከኛ በታች የሚኖሩ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰርግም ሐዘንም ያለሳቸው አይጀመርም። ነገሩን ሲሰሙ "ኢና ሊላሂ" ብለው ወዲያው ወደ ሥራቸው ገቡ። በአውስትራሊያ ሌላኛው ጫፍ ፐርዝ ያለችው የባለቤቴ ታናሽ እህት ተጠርታ የምትደርሰው እሁድ ማታ ስለሆነ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ሰኞ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አብረው ይረዱ ተባለ። አንዷን ለብቻ ማርዳት ግፍ ነው አሉ ጋሼ። ለሚመጡት ሰዎች እሳቸው ይደውላሉ፤ ሚስታቸው እትዬ ደግሞ የሚበላውን ያሰናዳሉ።

"አንተ እሁድን ያዝልን" አሉኝ። "ከቤት አውጣት። ስልክ አጠገብ እንዳትውል። ሐበሻ የማይረግጠው ቦታ ውሰዳት። ደህና አድርገህም አብላት፤ ከሰኞ በኋላ እህል የምትቀምስ አይመስለኝም።"

እሁድን ያዝልን። እንዲህ ሲሉት ቀላል ይመስላል።

ማታውን ሙሉ ሐበሻ የማይረግጠው ቦታ ሳስብ አመሸሁ። ፉትስክሬይ የማይታሰብ ነው፤ እግሯ መሬት ሳይነካ አንዱ መጥቶ "አላህ ያጥናሽ" ይላታል። ባሕር ዳርቻ ቅዳሜና እሁድ የኛ ሰው አይጠፋም። መናፈሻዎቹ ሁሉ ሥጋ በሚጠብሱ ወገኖቻችን ተይዘዋል። በመጨረሻ ትዝ ያለኝ ልጃችን ከትምህርት ቤት ተወስዳ ያየችው የድሮ ሰፋሪዎች መንደር ነው። ከከተማ ውጭ ገጠር ውስጥ ያለ ሙዚየም ሲሆን የንፋስ ወፍጮ አለው ብላ እንድንሄድ ስትነዘንዘን ወራት አልፈዋል። እናቷም ማየት ትፈልግ ነበር። እኔ ግን እሁድ እንቅልፌ ነው እያልኩ አንድም ቀን እሺ ብያቸው አላውቅም።

ስለዚህ እሁድ ጠዋት ተነሱ፣ ወፍጮው ጋ እንሂድ ስላቸው ባለቤቴ ግንባሬን በመዳፏ ነካችኝ። ትኩሳት የያዘኝ መስሏት ነው። ከዚያ በኋላ ደስታዋን ማየት አልቻልኩም። ለኢድ የገዛችውን ሻርፕ አወጣች፣ ሽቶ ረጨች፣ ከመስታወቱ ፊት ሆና ለራሷ ታንጎራጉራለች። እኔ የመኪናውን ቁልፍ እጄ ላይ እያሽከረከርኩ ከበር እስከ መስኮት እመላለሳለሁ። ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ እላለሁ። አንድ ያልሰማ ጎረቤት፣ ወይም የሰማና አፉን መያዝ የማይችል ጎረቤት፣ በሩን ቢያንኳኳ አለቀልኝ።

ስልኩን አስቀድሜ ከግድግዳው ነቅዬዋለሁ። ሞባይሏን አጥፍቼ ከሶፋው ትራስ ሥር ወሽቄዋለሁ። እሁድ እሁድ አባቷ ጋ ትደውላለች፤ ሳል ይዟቸው ከከረሙ ወዲህ ደግሞ እሁድ እስኪደርስ መታገሥ አትችልም ነበር። የስልክ ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች። ስንወጣ ስልኩን አንስታ "ሞቷል እኮ" ስትለኝ፣ የሕንፃው መስመር ሁሉ ተበላሽቷል፣ ማታ ይሠራሉ አልኳት። አመነችኝ። ማታ ስንመለስ ደውላ ወፍጮውን ልትነግራቸው ወሰነች።

መንገድ ላይ ከከተማው እንደወጣን ልጃችን ከኋላ ወንበር አንገቷን አስግጋ፣ "ዳድ፣ ዩ ፑልድ ዘ ኮርድ አውት። አይ ሶው ዩ" አለች፤ ገመዱን ስነቅል አይታኛለች። መሪውን ጨበጥኩት። እናቷ ዞር ብላ አየችኝ። የቴሌው ሠራተኛ ነቅላችሁ ቆዩ ብሎ ነው አልኩ። መቼ ነው የመጣው አለች። እናንተ ገበያ ሳላችሁ አልኩ። ቅዳሜ ይሠራሉ እንዴ አለች። አንድ ውሸት ከነገርክ በኋላ የሚያደክመው የመጀመሪያው አይደለም፤ እሱን ሊያገለግሉ የሚመጡት ናቸው። ሬዲዮውን ከፈትኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

መንደሩ በር ላይ ረጅም ቀሚስና አገጭ ሥር የሚታሰር ቆብ ያደረጉ አሮጊት ፈረንጅ ተቀበሉን። እንደሳቸው የድሮ ልብስ የለበሱ ሽማግሌዎች በየቤቱ ደጃፍ ቆመዋል፤ ሁሉም በነፃ የሚያገለግሉ ናቸው። ቤቶቹን ከየገጠሩ እየነቀሉ አምጥተው ነው እዚህ የተከሏቸው፤ አንድ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት፣ የቀጥቃጭ ቤት፣ በግ የሚሸለትበት ዳስ፣ ትንሽ ሱቅ። ከሁሉ በላይ ጉብታው ላይ የንፋስ ወፍጮው ቆሟል። አራት ክንፎቹ ቀጥ ብለዋል። አሮጊቷ ይቅርታ ጠየቁን፤ ጠዋት ጀምሮ ነፋስ የለም፣ ከሰዓት በኋላ ግን ሊመጣ ይችላል አሉ። ሜልቦርን ውስጥ ሰው ጃንጥላ ከዘረጋ ካልገለበጥኩት የሚል ነፋስ፣ ልክ ዛሬ የት እንደገባ አላውቅም። ለነገሩ ለኔ በጀኝ። ነፋሱን እንጠብቃለን እያልኩ ቀኑን ማስረዘም እችላለሁ።

ቀኑ ግን አልገፋ አለኝ። ሰዓቴን ሳይ፣ እንደገና ሳይ፣ የቆመ መስሎኝ ወደ ጆሮዬ ሳስጠጋው ባለቤቴ ታየኛለች። እሷ ከቤት ቤት እየገባች የምትስቅበት ነገር አላጣችም። አንዱ ቤት ውስጥ በመስታወት ሣጥን የተቀመጠ የከሰል ካውያ ነበር፤ ከጎኑ አትንኩ ተብሎ ተጽፎበታል። ጎትታ አምጥታ አሳየችኝና የእናትህን ቤት ሙዚየም አድርገውታል እኮ አለች። እውነቷን ነው፤ እናቴ ደሴ ውስጥ በዚያ ዓይነቱ ዛሬም ትተኩሳለች። በሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ጥርሴን አሳየኋት፣ ሳቅ ግን አልወጣልኝም።

ቀጥቃጩ ቤት በር ላይ ስንደርስ ከፊት ለፊታችን ማንን ባይ ጥሩ ነው? ከመስጊድ የማውቀው ሰው፣ ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ። ሐበሻ የማይረግጠው ብዬ በመረጥኩት ቦታ። ፊቱን እንዳየሁት ጋሼ እንደደወሉለት ገባኝ፤ ትከሻው ወርዶ፣ ዓይኑ ባለቤቴ ላይ ተተክሎ፣ አፉን ለመክፈት እየተዘጋጀ ነው። ሮጥኩ። የሚያዩኝ ፈረንጆች ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ እንደ ወንድሜ አቅፌ ዞር አደረግኩትና ጆሮው ሥር "ገና አልተረዳችም" አልኩት። ክንዴ ውስጥ ደርቆ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ከማርዳት የሚተናነስ አይደለም። ለባለቤቴ መሬት መሬት እያየ ሰላምታ ሰጣት፣ ጤናዋን ደጋግሞ ጠየቃት፣ ሚስቱ ደግሞ እጇን ይዛ አለቅ አለቻት። ልጆቻቸውን ሰብስበው ወፍጮውን እንኳ ሳያዩ ወደ መኪናቸው ሄዱ። ባለቤቴ በዓይኗ ሸኘቻቸውና ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ዓይኔን የሚሸሸው አለችኝ። ሥራ አጥቷል መሰለኝ አልኩ። ምስኪን አለች፣ ከልቧ አዘነችለት፣ ቤት ስንገባ እናስባቸው ብላ ቃል አስገባችኝ። ሰውየው በሥራው ላይ እንዳለ ነው።

ምሳ ላይ የጋሼን ትእዛዝ አስታወስኩ። ሩዝ በሥጋና ሳምቡሳ ይዘን ነበር። ሳህኗን ሞላሁት። ስትጨርስ ደግሜ ሞላሁት። በቃኝ ስትል ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ እያልኩ በእጄ እስከ ማጉረስ ደረስኩ። ያገባኋት ጊዜ እንኳ እንዲህ አልተንከባከብኳትም።

"ልታርደኝ ነው እንዴ እንዲህ የምትቀልበኝ?" አለችና ሳቀች።

ውሃው ትን አለኝ። ጀርባዬን እየመታችልኝ አሁንም ትስቃለች። ልጃችንም አብራ ትስቃለች። ዓይኔ እንባ የሞላው በትንታው ነው ብለው አለፉት፤ እኔም በዚያው አለቀስኩ።

የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር ደረሰ። ከወፍጮው ጀርባ ሰው የማይበዛበት ሳር አገኘንና ቂብላውን በፀሐይዋ ገምተን ምንጣፋችንን ዘረጋን። ሰግደን እንደጨረስን እዚያው ተቀመጥን። ወሎ ውስጥ ዱዓ ለብቻ አይደረግም፤ አንዱ እጁን ዘርግቶ ይለምናል፣ አብሮት የተቀመጠው አሚን ይላል። በኛ ቤት ሁልጊዜ የምለምነው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን አፌን አላመንኩትም፤ ዛሬ አንቺ አድርጊ አልኳት። ነገሩ እንዲህ ይዞኝ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም።

እጆቿን ዘረጋች። ስለ ቀኑ አመሰገነች፣ አሚን አልኩ። ለልጃችን ለመነች፣ አሚን አልኩ። የሌሊት ሥራዬን በቀን እንዲለውጥልኝ ለመነች፣ አሚን አልኩ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"ጌታዬ፣ አባዬን ከዚህ ሳል አሽርልኝ። ዕድሜ ጨምርላቸው። ዓይናቸውን ሳላይ አትውሰድብኝ።"

እጆቿ እንደተዘረጉ ጠበቁኝ። ልጃችን ሳር እየነጨች ታየኛለች። አባቷ መቃብር ከገቡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ዱዓ ያለ አሚን ተንጠልጥሎ አይቀርም፤ ዝም ብል ቀና ብላ ታየኛለች፣ ካየችኝ ደግሞ ሁሉንም ፊቴ ላይ ታነበዋለች። ከዚያ እዚያ ባዶ ሳር ላይ፣ ያለ እህቷ፣ ያለ አንዲት የአገሯ ሴት፣ እኔ ብቻዬን ምን አደርጋታለሁ?

አሚን አልኩ።

ፊቷን በመዳፎቿ ዳበሰችና ቀለል ብሏት ተነሳች። ምንጣፉን ሳናጥፍ ነፋሱ መጣ። መጀመሪያ ሻርፗን አነሳው፣ ቀጥሎ ወፍጮው ጣሪያው ድረስ ሲንቋቋ ተሰማ። የበሩ አሮጊት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወፍጮውን ሊለቁ ጉብታውን ሲወጡ አየናቸው። ክንፎቹ እያንዳንዳቸው መሬቱን ሊጠርጉ ምንም ሳይቀራቸው በፊታችን ያልፋሉ። እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሮጡ። ውስጡ ድንጋዩ ይጮሃል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ዱቄቱ ይተናል። ልጅ ሆና ወፍጮ ቤት ተልካ ስትመለስ ቅንድቧ ነጭ ሆኖ አባቷ እንደሚስቁባት ለልጃችን ስትነግራት ሰማሁ። አሮጊቷ ከወፍጮው የወጣ ዱቄት በትንንሽ የጨርቅ ከረጢት ይሸጡ ነበር። ሁለት ገዛች። አንዱ ለኛ ነው፤ ሌላውን በሚቀጥለው ወር አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጥታ ለአባቷ ልትልከው ነው። ፈረንጅ በነፋስ እንደሚፈጭ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እያሰበች እስከ ቤት ድረስ ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የተመለሰችው። ማታ መስመሩ ገና አልተሠራም አልኳት፤ ነገ እደውላለሁ ብላ ተኛች።

ሰኞ ሱብሂ ሰግደን ሳንነሳ በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት የከፈተችው። ኮሪደሩ ሰው ሞልቶበታል፤ ከፊት ጋሼ፣ ከጎናቸው እትዬ፣ ከእትዬ ኋላ ፐርዝ መሆን የነበረባት እህቷ። እህቷም ለምን እንደመጣች የገባት ያን ጊዜ ነው፤ ያመጧት እህትሽ ትንሽ አሟታል ብለው ነበር። ሁለቱ ተያዩ። ጋሼ ከ"ልጆቼ" በላይ አልሄዱም። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልፈልግም። እጆች ነበሩ፣ ያዟቸው፤ ለዚያ ነው የጠበቅነው።

ሰዉ መጥቶ፣ ሰደቃው ወጥቶ፣ እህቷም ወደ ፐርዝ ከተመለሰች በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ሁለታችን ብቻ ቀረን። የለቅሶተኛውን ብርጭቆዎች እያደረቅኩ ነበር። ሁለቱ የዱቄት ከረጢቶች ማቀዝቀዣው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ እነሱን ታያለች።

"ስልኩን ስለነቀልክ አልተቀየምኩህም" አለችኝ። "ስለ ሰውየው ሥራም ስለዋሸኸኝ አልተቀየምኩህም። ወጉ ነው፣ እኔም ባንተ ቦታ ብሆን አደርገዋለሁ። ግን አሚን አልክ።"

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

"አባዬ መቃብር ውስጥ ሆነው ምሕረት የሚለምንላቸው ሲጠብቁ፣ እኔ ሳር ላይ ቁጭ ብዬ ሳላቸው እንዲለቃቸው እለምናለሁ። አንተ ደግሞ አሚን ትለኛለህ።"

ምን ላድርግ ነበር፣ እዚያ ሜዳ ላይ ብቻሽን ላርዳሽ? አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት፤ ተናድጄ ነበር። ያን ሁሉ ቀን በእሳት ላይ ቆሜ የዋልኩት ለማን ነው? ዛሬም ሳስበው ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አይታየኝም። እሷም አርዳኝ አላልኩህም አለች። ታዲያ ምን ማለት ነበረብኝ ብዬ ጠየቅኳት። አላውቅም አለች፣ ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ነገሩን ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም፣ እኔም አላነሳሁትም። ወፍጮው የሚለው ቃል ራሱ ከቤታችን ወጣ። ልጃችን እንኳ አንድ ሁለቴ ጠይቃ መልስ ስታጣ ተወችው። ዱቄቱ ነቀዝ እስኪገባበት ማቀዝቀዣው ላይ ተቀምጦ አንድ ቀን ስነሳ አጣሁት።

ይህ የሆነው የኛ ሚሊኒየም ሳይከበር በፊት ነው። ሚሊኒየሙ ተከብሮ ካለፈ በኋላ፣ እኔም የቀን ሥራ ካገኘሁ፣ ልጃችንም ቁመቷ ከእናቷ ከበለጠ በኋላ፣ ደሴ ያለችው እናቴ ታመመች። ሆስፒታል ገባች፣ ወጣች፣ ደግሞ ገባች። ታላቅ ወንድሜ አጠገቧ ነበር፤ እሱም ስኳር ያለበት ሰው ነው። የስልክ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከወንበሬ እነሳ ነበር።

አንድ እሁድ ጠዋት ስነቃ ሳምቡሳ ሲጠበስ ሸተተኝ። ወጥቼ ሳይ ባለቤቴ ምግቡን በሳህን እየከደነች፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ በሩ ሥር ቆሟል። ፊቷን ወደ ምድጃው እንዳደረገች ተናገረችኝ።

"ዛሬ ወፍጮው ጋ እንሂድ።"

ወፍጮው ጋ። ያን ሁሉ ዓመት አፏ ያልጠራውን። ቀስ ብዬ ወደ ስልኩ አየሁ፤ ገመዱ ከግድግዳው ላይ ወርዶ ወለሉ ላይ ተጠቅልሏል። ልጃችን በዚያ ሰሞን እሁድ እንቅልፏን የሚነካባትን ሰው አትወድም ነበር፤ ያን ጠዋት ግን ለብሳ፣ ተጫምታ፣ አንድ ቃል ሳትናገር እየጠበቀችኝ ነው። ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው። የሞተው ማን እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ተውኩት። ጋሼ ሰኞ ብለው ወስነው ይሆናል። ሰው ተጠርቷል፣ ቀን ተቆርጧል። እሷም ቃሏን ሰጥታለች። ወንበር ስቤ ጫማዬን አሰርኩ።

የነዳችው እሷ ናት። እኔ ከጎኗ ሆኜ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እናቴ ናት ወይስ ወንድሜ? ወይስ ስልኩ በእውነት ተበላሽቶ ነው፣ እኔ ነኝ የማብደው? ፊቷን አያለሁ፤ መንገዱን ብቻ ታያለች። ሬዲዮውን አልከፈተችም።

ወፍጮው ይሽከረከር ነበር። ያን ቀን ነፋስ ሞልቶ ነበር፣ ክንፎቹ ከሩቅ ታዩን። ምሳ አቀረበች፤ ሳህኔን ሞላችው፣ ስጨርስ ደግማ ሞላችው፣ እኔም ያቀረበችልኝን ሁሉ በላሁ። ዙህር ሲደርስ ከወፍጮው ጀርባ ያንኑ ሳር ፈልጋ ምንጣፉን ዘረጋች። ሰገድን። ወደ እሷ ስዞር እጆቿን ዘርግታ ጠበቀችኝ።

"አንተ አድርግ" አለችኝ።

ስለ ቀኑ አመሰገንኩ። አሚን አለች። ለልጃችን ለመንኩ፣ አሚን አለች። "ወንድሜን ከሕመሙ አሽርልኝ፣ ዕድሜ ስጠው" አልኩ። አሚን አለች፣ ጠንከር አድርጋ።

"እናቴን ዕድሜ ስጥልኝ" አልኩ።

ዝም አለች። ክንፎቹ ከኋላችን ሲያልፉ ይሰማኛል፣ አንዱ፣ ሌላው፣ ሌላው። ቀና ብዬ አየኋት። እጆቿ እንደተዘረጉ ናቸው፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፣ ከንፈሯ ግን አልተንቀሳቀሰም። ጠበቀችኝ። ያን ጊዜ ለምን እዚህ እንዳመጣችኝ ገባኝ።

"ጌታዬ፣ እናቴን ማርልኝ" አልኩ።

"አሚን" አለች።